መነጽር ከመግዛታችን በፊት ስክሪናችንን እንመርምር



ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ላፕቶፕ ስክሪን ነው። «ዶክተር፣ ደግሞ ኮምፒውተር ጥገና ጀመርክ እንዴ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ራስ ምታትና የዓይን ሕመም ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡ ወጣቶች መካከል መፍትሔያቸው ፋርማሲ ውስጥ ሳይሆን ላፕቶፓቸው ላይ ያለ ጥቂት አይደሉም።

በአንዲት ተማሪ ልጀምር። እዚሁ አሶሳ የምትማር ናት፤ የመውጫ ፈተና ሊደርስባት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ከዓይኗ ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት ከያዛት ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በየቀኑ ፓራሲታሞል ትውጣለች። ጓደኛዋ መክራት «ብሉ ከት» የሚባለውን መነጽር ገዝታለች። ቤተሰቦቿ የላኩላትን የወር ወጪ ከፍላ ነው የገዛችው። ለውጥ የለም። መጽሐፍ ስትገልጥ እንኳ ያመኛል ብላ ስለምትፈራ ጥናቱን ልታቆም ደርሳለች።

ግፊቷን ለካሁ፣ አንገቷንና ዓይኗን አየሁ፣ ዕይታዋን በሰሌዳው ፈተንኩ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

«ማታ ማታ ነው ዶክተር። ላፕቶፕ ከፍቼ አንድ ሰዓት ሳልቆይ ይጀምረኛል።»

«ላይብረሪ ባለው ኮምፒውተር ስትሠሪስ?»

ትንሽ አሰበችና «እዚያ አያመኝም» አለችኝ።

ላፕቶፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ማታ እንደምትጠቀምበት አድርጋ እንድትከፍትልኝ ጠየቅኋት። ዶርም ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ስለሚተኙ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ነው የምትቀንሰው። ነጭ ገጽ ከፈትን፤ ክፍሉን አጨለምን፤ እስክሪብቶዬን ከስክሪኑ ፊት ለፊት ይዤ በፍጥነት ወዲያ ወዲህ አወዛወዝኩት። አንድ የደበዘዘ ጥላ ማየት ሲገባን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተነጣጥለው የተደረደሩ ብዙ እስክሪብቶዎች ታዩን። ብርሃኑን እስከ ላይ ከፍ አድርገን ስንደግመው ማበጠሪያው ጠፋ።

ያቺ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየማታው፣ ዓይኗ ሳያውቀው ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ነበር የምታጠናው። የሰጠኋት ምክር ቀላል ነው፤ ከታች እጽፈዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ራስ ምታቱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እንደሚመጣባት ነገረችኝ። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ፓራሲታሞሉንም አብረን ቀንሰናል፤ የሕመም ማስታገሻ በወር ከ15 ቀን በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣልና። ያም ሆኖ መነጽር ከመግዛቷ በፊት «እስቲ ስክሪንሽን እንየው» ያላት ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ወርና የወር ወጪዋ በተረፈላት ነበር።

የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው። ዓይናችንን ያመመን እንደሆነ ዓይናችንን ብቻ ሳይሆን የምናየውንም ነገር እንመርምር። ላፕቶፕ ስንገዛም፣ ለራሳችንም ሆነ ለመሥሪያ ቤት፣ ስክሪኑን ረስተን አንግዛ።

ስክሪን ለምን ይርገበገባል?

መርገብገቡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዓይን የሚታይ ነው፤ ብልሽት ነው። ሁለተኛው የማይታይ ነው፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ፋብሪካው ስክሪኑን የሠራበት መንገድ ነው።

በማይታየው ልጀምር። አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን ከጀርባው መብራት አለው። ብርሃን ቀንስ ስትሉት መብራቱን የሚቀንስበት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የሚገባለትን ኤሌክትሪክ በእውነት መቀነስ ነው፤ ፋኖስ ዝቅ እንደማድረግ ማለት ነው። ሁለተኛው መብራቱን በከፍተኛ ፍጥነት ማጥፋትና ማብራት ነው። አንድ ልጅ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ቆሞ በሰከንድ 200 ጊዜ ቢጫወት እንደማለት ነው። ዓይናችን አማካዩን ስለሚያይ «ደብዘዝ አለ» ብለን እናስባለን። መብራቱ ግን አልደበዘዘም፤ እየጠፋ እየበራ ነው። ባለሙያዎች ይህን ፒደብሊውኤም ይሉታል።

በቁጥር እንየው። በሰከንድ 200 ጊዜ የሚበራ ስክሪን እያንዳንዱ ዙር 5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ብርሃኑን 20 በመቶ ላይ ስታደርጉት 1 ሚሊ ሰከንድ በርቶ 4 ሚሊ ሰከንድ ጨለማ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ስክሪን ብርሃኑን በቀነሳችሁ ቁጥር ጨለማው ይረዝማል። «ዓይኔን እንዳይጎዳኝ ብርሃኑን ልቀንስ» ያለ ሰው ሳያውቀው የባሰውን መርጧል።

«ካላየሁት እንዴት ያመኛል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው በሰከንድ ከ50 እስከ 90 ጊዜ ካለፈ በኋላ ብልጭታን መለየት ያቅተዋል። ነገር ግን ስናነብ ዓይናችን በገጹ ላይ አይንሸራተትም፤ በሰከንድ ሦስትና አራት ጊዜ እየዘለለ ነው የሚሄደው። በዝላዩ ጊዜ የሚርገበገበው ብርሃን ልክ እንደ እስክሪብቶዬ ተነጣጥሎ ሊታይ ይችላል። አእምሯችንም ያንን እያረመ ይሠራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የቢሮ ሠራተኞችን ከድሮው የሸምበቆ መብራት ሥር እና በከፍተኛ ፍጥነት ከሚሠራ አዲስ መብራት ሥር አስቀምጦ አወዳድሯል። የድሮው በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በዓይን አይታይም። ሠራተኞቹ የትኛው መብራት እንደተገጠመላቸው አያውቁም ነበር። በአዲሱ መብራት ሥር የራስ ምታትና የዓይን ድካም መጠን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የእኛም አገር የኤሌክትሪክ መስመር እንደ እንግሊዝ 50 ኸርዝ ስለሆነ የድሮው ሸምበቆ መብራት እዚህም በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ሙሉ በሙሉ እየጠፋ የሚበራ መብራት በሰከንድ ከ1,250 ጊዜ በላይ ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ፣ ከ3,000 ካለፈ ደግሞ ጉዳት የማይጠበቅበት እንደሆነ አስቀምጧል። ብዙ ላፕቶፖች ከዚያ በታች ናቸው።

እውነቱን ሳላጋንን ልናገር። ይህ መርገብገብ ሁሉንም ሰው አያመውም። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይሰማቸዋል፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦበት ምንም አይለውም። ማንንም ደግሞ አያሳውርም። በክልላችን ዓይን የሚያጠፉትን እናውቃቸዋለን፦ የዓይን ሞራ፣ ትራኮማ፣ በወንዞቻችን ዳር በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካ። ስክሪን ከእነዚህ ተርታ አይመደብም። ግን አንድ ተማሪ ማጥናት አቅቶት ሲቀር «አላሳወረህም» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም።

በዓይን የሚታየው መርገብገብ

ስክሪኑ ፊት ለፊታችሁ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ብልሽት ነው። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ከብልሽትም በላይ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች 3 ያህሉ በሚርገበገብ ብርሃን ሊነሳባቸው ይችላል፤ አደገኛው ፍጥነት በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ ያለው፣ ማለትም በዓይን በግልጽ የሚታየው ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1997 በቴሌቪዥን የታየ አንድ የልጆች ካርቱን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት በማፈራረቁ ከ600 በላይ ልጆች ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የሚርገበገብ ላፕቶፕ «ትንሽ ችግር አለበት እንጂ ይሠራል» ብላችሁ አትስጡት።

ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን በተራ ሞክሩ። ገንዘብ አያስወጡም።

1. ቻርጀሩን ንቀሉት። በባትሪ ሲሠራ መርገብገቡ ከቆመ ጥፋቱ ከቻርጀሩ፣ ከማከፋፈያው ወይም ከመስመሩ ነው። ሌላ ቻርጀርና ሌላ ሶኬት ሞክሩ።

2. የላፕቶፑን ክዳን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። መርገብገቡ ከክዳኑ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪን ገመድ ላልቷል ወይም ተልጧል። ገመዱ ብቻውን ይቀየራል፤ ሙሉ ስክሪን መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

3. በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ደህና ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከተርገበገበ ችግሩ ፓነሉ ወይም ገመዱ ነው። ሁለቱም ላይ ከተርገበገበ ችግሩ ውስጥ፣ ከግራፊክስ በኩል ነው።

4. ዊንዶውስ ከሆነ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሁሉም ነገር ሲርገበገብ ታስክ ማናጀርም አብሮ ከተርገበገበ የስክሪኑ ድራይቨር ነው፤ ድራይቨሩን አድሱት ወይም ወደ ቀድሞው መልሱት። ታስክ ማናጀር ብቻውን ጸጥ ካለ የጫናችሁት አንድ ፕሮግራም ነው።

5. አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ባዮስ ግቡ። ዊንዶውስ ሳይጀምር እዚያም ከተርገበገበ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም፤ ፎርማት አስደርጋችሁ ገንዘብ አታባክኑ።

6. ብርሃኑ ራሱን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ ያለውን አውቶማቲክ የብርሃን ማስተካከያ አጥፉት።

ይህን የጻፍኩት ጥገና ቤቶችን ለመንቀፍ አይደለም። ሐኪም ዘንድ «ሆዴን» ብሎ ከመምጣት «ከበላሁ በኋላ፣ በቀኝ በኩል» ብሎ መምጣት እንደሚሻል ሁሉ፣ ለጠጋኙም «ክዳኑን ስነካው ብቻ ነው» ብላችሁ ብትነግሩት ሥራውም ወጪውም ይቀላል።

ስለ መብራት ካነሳሁ ላይቀር አንድ ነገር ልበል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በክልላችን በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኩራታችን ነው። ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር፣ ያ ኃይል ሳይዋዥቅ ከቤታችን ሶኬት መድረሱ ሌላ ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖሉ መጀመሪያ ፈዝዞ ከዚያ ቦግ ሲል አይታችኋል። ላፕቶፑም ያንን ይቀበላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የምትችሉ ስታብላይዘር ግዙ። ርካሽ የሆነውንና ጽሑፉ የማይነበበውን ቻርጀር ተጠንቀቁት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ደግሞ ላፕቶፑን አልጋ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አድርጋችሁ አትሥሩ፤ የአየር መውጫው ይታፈናል።

የፓነል ጥራት የቅንጦት ጉዳይ ነው?

አንድ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዛ ወዳጄን «የምትገዟቸው ላፕቶፖች ስክሪናቸው ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «እኛ የምንገዛው ለሥራ እንጂ ፊልም ለማየት አይደለም» አለኝ። የግዥ ዝርዝሩን አሳየኝ። ፕሮሰሰር አለ፣ ራም አለ፣ የማከማቻው መጠን አለ። ስለ ስክሪን የተጻፈው «15.6 ኢንች» ብቻ ነው። ይህ ጫማ ሲገዙ ቁጥሩን ብቻ ጠይቆ ሶሉን ሳያዩ እንደመክፈል ነው።

ፊልም ለማየት ሳይሆን ለሥራ በመሆኑ ነው ስክሪኑ የሚያስፈልገው። ፊልም ሁለት ሰዓት ነው፤ ሥራ ስምንት ሰዓት ነው።

ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው ቲኤን የሚባለው ፓነል ከፊት ለፊት ካልታየ ቀለሙ ይለወጣል፤ ከላይ ስታዩት ነጣ፣ ከታች ስታዩት ጠቆር ይላል። ብርሃኑም ብዙ ጊዜ ከ220 እስከ 250 ኒት ነው። አይፒኤስ የሚባለው ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ቀለሙን ብዙም አይለውጥም። ኦሌድ የሚባለው ደግሞ ቀለሙ እጅግ ያምራል፤ ግን ብዙዎቹ ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በማርገብገብ ስለሆነ ውድ መሆኑ ብቻ ለዓይን ምቹ አያደርገውም። የነጥቦቹ ብዛትም ዋጋ አለው፤ በ15.6 ኢንች ላይ 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ፊደሉ ሻካራ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለየው። «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» ለመለየት ስክሪኑ ላይ የምናፈጥ ከሆነ በቀኑ መጨረሻ ግንባራችን ቢወጋን ምን ይገርማል?

በእኔ ላይ የደረሰውን ደግሞ ላካፍላችሁ። ድሮ እሠራበት በነበረ አንድ ሆስፒታል፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት መጣ። የደረቱን ራጅ በቢሮ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ አየሁት። ደህና መሰለኝ። ከኋላዬ የቆመ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ይህች መስመር ምንድን ናት?» አለኝ። እኔ ከተቀመጥኩበት አትታይም። ስቆም ታየችኝ። ሳንባው ዙሪያ አየር ገብቶ ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ የተላቀቀባት ቀጭን መስመር ነበረች። ወዲያው ቱቦ ገባለት፤ ድኖ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ራጅን በዚያ ስክሪን ማንበብ አልነበረብኝም። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ራጅ ለመመርመር የሚያገለግል ስክሪን ቢያንስ 350 ኒት ብርሃን እንዲኖረው የሚመክረው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስክሪን የቅንጦት ነገር ነው» የሚለኝን ሰው አላምነውም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች፣ ለጤና ተቋማትና ለመሥሪያ ቤቶች ግዥ ክፍል አንድ ልመና አለኝ። በዝርዝራችሁ ላይ አራት ነገር ጨምሩ፦ አይፒኤስ ፓነል፣ 1920 በ1080፣ ቢያንስ 300 ኒት፣ ብርሃን ሲቀነስ የማይርገበገብ። አዎ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። በጀት ጠባብ መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ለጽሕፈትና ለሪፖርት ብቻ የሚያገለግል ማሽን ላይ ከፕሮሰሰሩ አንድ ደረጃ ቀንሶ ስክሪኑን አንድ ደረጃ ማሳደግ ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይታመምም።

ይህ ከመቼውም በላይ አሁን ያስፈልጋል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር በኮምፒውተር ነው የተጀመረው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ከባምባሲ፣ ከከማሺ ወይም ከመንጌ የመጣ ልጅ የአራት ዓመት ድካሙ የሚለካው በአንድ ስክሪን ፊት ነው። ፈታኞች ሆይ፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ኮምፒውተሮቹ መብራታቸውን ብቻ ሳይሆን አለመርገብገባቸውንም እዩ። የሚርገበገበውን አንሡና ሌላ አስቀምጡ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ

አብዛኞቻችን አዲስ አንገዛም። ወላጅ ከብት ሸጦ፣ ከወርቅ ሥራ ያገኘውን ቆጥቦ፣ የማንጎ ገንዘቡን አጠራቅሞ ነው ለልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው። አዲስ አበባ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ የመጣን ዕቃ መመለስ ከባድ ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ውሰዱ።

👉 ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥዕሎች በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱና ስክሪኑን እየሞላችሁ ክፈቷቸው። የሞተ ነጥብ፣ መስመር፣ ጥግ ላይ የሚያፈስ ብርሃን ይታያችኋል።

👉 ብርሃኑን ወደ ታች አውርዱና የእስክሪብቶውን ሙከራ አድርጉ። በስልካችሁ ካሜራ በስሎው ሞሽን ብትቀርጹትም የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ብዙና ጥቁር ከሆኑ ሌላ ፈልጉ።

👉 ክዳኑን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ካለ ገመዱ አልቋል።

👉 ተነሥታችሁ ከላይ፣ ቀጥሎም ከጎን እዩት። ፊደሉ ከጠፋ ለሁለት ተማሪ አይሆንም።

👉 በባትሪም በቻርጀርም አሠሩት።

ሻጩ «አትመን፣ ጤነኛ ነው» ካላችሁና መሞከር ከከለከላችሁ፣ መልሱን አግኝታችኋል።

አሁን ያላችሁን ስክሪን ምን ታደርጉታላችሁ?

ሁላችንም አዲስ መግዛት አንችልም። ለዚያች ተማሪ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ በላፕቶፑ የብርሃን ቁልፍ ብርሃኑን አትቀንሱ። ከ80 እስከ 100 በመቶ ላይ ተዉትና ገጹን ራሱን አጨልሙት፤ ጥቁር መደብ ያለውን አማራጭ ተጠቀሙ፣ ወይም ስክሪኑን በሶፍትዌር የሚያጠቁር ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። እንዲህ ሲሆን የመብራቱ መርገብገብ ይቀንሳል፤ ሥዕሉ ብቻ ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ በጨለማ ክፍል አትሥሩ። ከስክሪኑ ጀርባ ወደ ግድግዳው የዞረች አንዲት ትንሽ መብራት ብታስቀምጡ ዓይናችሁ ያርፋል፣ የዶርም ጓደኞቻችሁም አይረበሹም። ሦስተኛ፣ ፊደሉን አሳድጉት፤ ስክሪኑን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የምትነኩበት ርቀት ላይ፣ ከዓይናችሁ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። አራተኛ፣ በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ 6 ሜትር ወደሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። ውጭ ያለው የማንጎ ዛፍ ይበቃል። አምስተኛ፣ ዓይናችሁን አርገብግቡ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የምናርገበግብበት ቁጥር ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ዓይን የሚደርቀውና የሚቆረቁረው ለዚህ ነው። በበጋው አቧራና ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል።

«ብሉ ከት» መነጽሩስ? ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 17 ጥናቶችን ገምግሞ ነበር። መነጽሩ በኮምፒውተር ምክንያት የሚመጣን የዓይን ድካም ከተራ መነጽር የተሻለ እንደሚቀንስ አላገኘም። ገዝታችሁ ከሆነ አይጎዳችሁም። ካልገዛችሁ ግን ገንዘባችሁን ለጥሩ ቻርጀር አውሉት።

ሐኪም ዘንድ መቼ ትመጣላችሁ?

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «እንግዲህ ጥፋቱ የስክሪኔ ነው» ብሎ እቤቱ የሚቀር እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ስክሪኑን አስተካክላችሁ በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላያችሁ ኑና ዕይታችሁን ተለኩ፤ እውነተኛ መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ዓይናችሁን በየዓመቱ ታዩ። ድንገት ዕይታችሁ ከቀነሰ፣ በዓይናችሁ ፊት መጋረጃ እንደወረደ ከሆነ፣ ዓይናችሁ ቀልቶ በኃይል ካመማችሁ፣ ራስ ምታቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ከትውከትና ከትኩሳት ጋር የመጣ ከሆነ፣ ወይም ሰውነታችሁን ጥሎ ካንዘፈዘፋችሁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ያ የላፕቶፕ ጉዳይ አይደለም።

የቀረው ግን ብዙ ነው። ያ ብዙው በአንድ እስክሪብቶና በአሥር ደቂቃ የሚመረመር ነው። ዛሬ ማታ ላፕቶፓችሁን ስትከፍቱ ክፍሉን አጨልሙና እስክሪብቷችሁን አወዛውዙ። ማበጠሪያ ካያችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት።

ያያችሁትን በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለላከ ወላጅና ግዥ ክፍል ለሚሠራ ወዳጃችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩለት።

ጤናችሁ ይብዛ!